«ጾሙ የሚያልቅበትን ቀን ንገሪኝ»

ይህን የምጽፈው በትዳራቸው ተጨንቀው የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ለሚጠኑ፣ በተለይም እንደ እኔ ብዙ እየጾሙና ብዙ እየሰገዱ ቤታቸው ግን ከቀን ወደ ቀን የሚቀዘቅዝባቸው እኅቶችና ወንድሞች እንዲያነቡት ነው። የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ጅማ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ አንድ ቤት፣ እርሱም ስለ ራሴ ቤት ብቻ ነው። ባለቤቴ ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦታል፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይህስ ይቅር» ብሎኝ አስቀርቼዋለሁ።

የተጋባነው በ1999 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰማንያ ተፈርሞ፣ መልሱም ቅልቅሉም በወጉ የተደረገ ሠርግ ነበር፤ ሥጋ ወደሙ ግን አልተቀበልንም። «ትንሽ እንረጋጋና እንቆርባለን» ተባባልን፤ በዚያው ቀረ። ወንዱን ልጃችንን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ክርስትና ስናስነሣ ሕፃናቱ ሲቆርቡ እኛ ወላጆቻቸው ቆመን አየን። በዚያን ጊዜ ነገሩ ብዙም አላሳሰበኝም ነበር።

ባለቤቴ ቡና አቅራቢ ነው። ይህን ንግድ በቅርብ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም የቤታችን ጠብ ከዚህ ሥራ ተለይቶ አይታይም። በእኛ አካባቢ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ነጋዴው የዓመቱን ግዢ በእነዚህ ጥቂት ወራት ሠርቶ መጨረስ አለበት። ከጎማና ከሊሙ እየዞረ ቀይ እሸቱንም ሆነ ደርቆ ጀንፈል የሆነውን ይገዛል፤ የሚገዛበት ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብድር ነው። ዋጋ ይጨምራል ብሎ መጋዘን ውስጥ ያቆየው ቡና ዋጋው ሲወርድ ብድሩ አብሮ አይወርድም። በ2011 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ በወረደ ጊዜ በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። በዚህ ላይ ባለቤቴ ለአንድ ጓደኛው ያለ ምንም ወረቀት፣ በእምነት ብቻ ከፍ ያለ ገንዘብ አበድሮ ነበር፤ ጓደኛውም እንደ እርሱ ከሰረ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ግን ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው ባሌ ማምሸት መጀመሩን፣ መጠጥ መጠጥ መሽተቱን፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው አጋሮ «ዛሬ አልመጣም» ብሎ ሁለትና ሦስት ቀን መሰንበቱን፣ ልጆቹ ደብተር ግዛልን ሲሉት መቆጣቱን ብቻ ነበር። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ደመደምኩ። ሲተኛ ስልኩን እያነሣሁ አየሁ፤ ምንም አላገኘሁም። ምንም አለማግኘቴንም የጥንቁቅነቱ ማስረጃ አድርጌ ያዝኩት።

የራሴንም ጥፋት አብሬ ልናገር። ባለቤቴ ከባንክ ሲበደር ቤታችን በመያዣነት ተይዟል፤ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ስለማይያዝ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ያን ዕለት የሰርክ ጉባኤ እንዳያመልጠኝ እየቸኮልኩ ስለነበር፣ የብድሩን መጠን እንኳ ሳላነብ ፈርሚ ባሉኝ ገጽ ሁሉ ላይ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ «ደበቀኝ» እያልኩ ኖርኩ። መደበቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከተደበቀው ግማሹ የእኔ ፊርማ ባለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር።

ሰው ሲጨንቀው ወደ አምላኩ መሮጡ ተገቢ ነው፤ እኔም ሮጥኩ። ማለዳ ለኪዳን ጸሎት ስነሣ ከተማው ገና አልነቃም፤ የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ክረምት ከበጋ አይለይምና ብዙ ጊዜ ነጠላዬ ርሶ፣ ጫማዬ ጭቃ ይዞ የአዌቱን ድልድይ እሻገር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ መቁጠሪያዬን ይዤ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ስል የእጄ መንቀጥቀጥ ይቆም እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ። ያ ነገር ከንቱ አልነበረም። በእነዚያ ማለዳዎች ባልጸና ኖሮ ክፍል ገብቼ ስድሳ ልጆች ፊት መቆም አልችልም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብቦ «ጸሎት አይጠቅምም ማለቷ ነው» የሚል ሰው ቢኖር አልተግባባንም ማለት ነው።

ነገር ግን በጸሎቴ ውስጥ ሌላ ነገር ሾልኮ ሲገባ አላስተዋልኩም። 2012 ዓ.ም. ሲገባ የጽጌን ጾም ጀመርኩ። ይህ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን የሚጾም ሲሆን፣ ማኅሌተ ጽጌው በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት ስለሚቆም ለመንፈስ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ወቅት ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ጌታ ልደት ይዘልቃል። በመካከሉ ያሉትን 9 ቀናት እንኳ «ስእለት አለብኝ» ብዬ ጾምኳቸው። በጾም ወራት ባልና ሚስት መኝታ ስለሚለዩ ልጆቹ ክፍል ፍራሽ አነጠፍኩ። እንግዲህ ወራቱን አስተያዩአቸው፤ እኔ የጾምኩባቸው ወራት ባሌ ጀንፈል ፍለጋ ከገጠር ገጠር ዞሮ፣ ተዋርዶና ደክሞ ወደ ቤት የሚመጣባቸው የቡና ወራት ነበሩ። እራቱን ሸፍኜ አስቀምጥለትና እርሱ ሳይገባ እተኛለሁ። ጎረቤት ሲያየኝ መንፈሳዊት ሴት ነበርኩ፤ ለራሴም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ጾም ሥጋዬን የቀጣሁበት ሳይሆን ባሌን የቀጣሁበት ነው።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ምሽት ከአጋሮ ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጭቃ የያዘ ቦቲ ጫማውን ሲያወልቅ ሳላስበው ከክፍሌ ወጣሁ። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ጾሙ የሚያልቅበትን ቀን ንገሪኝ» አለኝ።

«ለጌታ ልደት» አልኩት።

«ከዚያስ በኋላ?»

መልስ አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም ከልደት በኋላ ነነዌ፣ ከነነዌም በኋላ ዐቢይ ጾም እንደሚመጣ አስቀድሜ በልቤ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። እርሱም ይህን ያወቀ ይመስለኛል፤ ጫማውን በር ላይ አስቀምጦ ወጥቶ ሄደ፤ ያን ሌሊት አልተመለሰም።

ከዚህ የባሰም አድርጌያለሁ፤ ሌላው ሰው እንዳይደግመው ብዬ እናገረዋለሁ። ጸበል በጠርሙስ እያመጣሁ ሳያውቅ በሻይው ውስጥ እጨምርበት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደውን፣ እምነት የሚባለውን አመድም በወጥ ውስጥ በትኜበታለሁ። አንዲት የማውቃት ሴት «ባልሽ መተት ተደርጎበታል፤ ካልተፈታ አይመለስልሽም» ብላ፣ በስልክ እየጸለየ መተት ይፈታል ወደተባለ ሰው መራችኝ። ሰውየው ከጸሎቱ አስቀድሞ ገንዘብ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ የደመወዜን እኩሌታ ላክሁለት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ነው የነቃሁት። ለተጨነቀች ሴት የሚጣል እንዲህ ያለ መረብ ብዙ ነው፤ ጸሎትን በዋጋ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት።

ጅማ ላይ ደግሞ ቡና ለብቻ አይጠጣም። ከሰዓት በኋላ ሦስት አራት ሴቶች ስንሰበሰብ የባሌ ነገር ከፈንዲሻው ጋር ለሁሉም ይታደል ነበር። እኔ አንድ ስል እነርሱ ሁለት ይጨምሩልኛል፤ «እኔ ብሆን ኖሮ» የማትል አልነበረችም። ከመካከላችን አንዲት ባልቴት ሙስሊም ጎረቤት አሉ፤ «አዴ» እያልን ነው የምንጠራቸው። እኔ የባሌን ነገር ስጀምር ሲኒያቸውን ያስቀምጡና «ሶላቴ ደረሰ» ብለው ይነሣሉ። መጀመሪያ ላይ ሶላታቸው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ይገርመኝ ነበር። ቆይቼ ሲገባኝ ተቀየምኳቸው፤ አብዝቶ ሲገባኝ ግን ከሁሉም በላይ የባሌን ክብርና የእኔን አፍ የጠበቁልኝ እርሳቸው መሆናቸውን አወቅሁ።

በጥር ወር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የባለቤቴ አጎት፣ የልጃችን የክርስትና አባትና አንድ የሰፈር አዛውንት ነበሩ። «ቤት ውስጥ ያለ ጭስ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አንቺም ቻይው፣ አንተም ተዋት» ብለው ጉልበት አሳስመው አስታረቁን፤ ዕርቁ ግን ዘጠኝ ቀን እንኳ በቅጡ አልቆየም። ሽምግልናን ማቃለሌ አይደለም፤ ብዙ ቤት ያቆመ ሥርዓት ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ግን የተጣላንበትን ነገር ሳይጠይቁ ነው ያስታረቁን፤ ባለቤቴ ዕዳውን አልተናገረም፣ እኔም ጾሜን እንደ በደል አልቆጠርኩትም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ያልተነካ ቁስል ይዘን ተሳሳምን።

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው የንስሐ አባታችን ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ነው። እርሳቸው ቀሲስ ናቸው፤ ልጆች ያሳደጉ ባለትዳር ካህን በመሆናቸው የሚናገሩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የካቲት 16 የሚገባው ዐቢይ ጾም ጥቂት ቀን ሲቀረው ሄጄ የባሌን በደል ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘረዘርኩላቸው። ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝና «ልጄ፣ ይህ የእርሱ ንስሐ ነው፤ የአንቺስ?» አሉኝ። ስጨነቅ ጊዜ የምጾመውን፣ የምሰግደውን፣ የጽጌውንም ጾም ነገርኳቸው። እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ እንደነበር አልክድም።

«የጽጌን ጾም ስትጀምሪ ከባልሽ ጋር ተነጋገርሽ?»

«አባቴ፣ ጾም ለእግዚአብሔር አይደለም እንዴ? ደግሞም የፈቃድ ጾም ነው።»

«በማን ፈቃድ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። እርሳቸውም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት 7ኛ ምዕራፍ ላይ፣ ባልና ሚስት ለጸሎት ሲሉ እንኳ የሚለያዩት ተስማምተውና ለጊዜው መሆን እንዳለበት መጻፉን አስታወሱኝ። «የአዋጁን ጾም ጹሚ፤ እርሱ የሁሉም ነው። ያንቺው የጨመርሽው ጾም ግን የሁለታችሁን አልጋ የሚነካ ከሆነ የአንቺ ብቻ አይደለም። በተስማማችሁበት ብትለያዩ ጸሎት ይሆናል፤ ባልተስማማችሁበት ከሆነ ግን ኩርፊያ ነው፤ ኩርፊያን ደግሞ እግዚአብሔር አልጠየቀሽም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት። ለወንድ አደሉ ብዬም አስቤ ነበር፤ ባለቤቴን በሌላ ቀን ለብቻው አስጠርተው ስለ መጠጡ ምን እንዳሉት የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ለእርሱም አላደሉለትም።

የሰጡኝ ቀኖና እኔ እንደጠበቅሁት የስግደት ብዛት አልነበረም። ጸበሉን ከሻይው እንዳወጣ፣ ያም ቢሆን እርሱ አውቆና ፈልጎ እንዲጠጣው፣ በቡና ላይ የባሌን ስም እንዳላነሣ፣ እራት እስኪገባ ጠብቄ አብሬው እንድበላና ማታ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ አብረን «አባታችን ሆይ» እንድንል አዘዙኝ። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያና ሣራ በሠርጋቸው ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው በአንድነት መጸለያቸውን ጠቅሰው፣ «ሌላ ጸሎት አትጨምሪበት፤ ውዳሴ ማርያሙንም ዳዊቱንም ለብቻሽ ታደርሽዋለሽ፤ ይህቺን አንዲቷን ግን ከእርሱ ጋር» አሉ። የቀለለ ቀኖና መስሎኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ የለም። መጀመሪያ ለባለቤቴ ስነግረው «እኔ ሰካራም ነኝ፤ ከቅዱሳን ጋር ምን አለኝ» አለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ እንደ እንግዳ የመኝታ ቤቱን መቃን ተደግፎ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሮኝ አለ። እስቲ አስቡት፤ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን ቃል የበደላችሁ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ እየሰማችሁ፣ እርሱም እናንተን እየሰማ ስትሉት ምን እንደሚመስል። ብዙ ቀን ያን ቦታ ስደርስ ድምፄ ይጠፋ ነበር። አንዳንድ ቀን እርሱ ብቻውን ይጨርሰዋል፣ አንዳንድ ቀን እኔ።

ሌላውን ትእዛዝ ግን ግማሹን ፈጽሜ ግማሹን ተውኩት። እንደለመድኩት ከማለዳ እስከ ምሽት ወደ ቤተ ክርስቲያን መመላለሴን ቀጠልኩ፤ ከቤት መራቂያዬ ነበርና። ይህን መራቂያ የዘጋብኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጀመሪያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቀጥሎም ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ታዘዘ። ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም የሌለበት ቀን ምን እንደሚመስል እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር። ባለቤቴም መንገድ ስለተዘጋና ገበያ ስለቀዘቀዘ ቤት ዋለ። አራት ሰዎች በሁለት ክፍል ውስጥ ስንውል ወደየት እሸሻለሁ?

በዚያ ሰሞን ዳዊት በቀን በቀን ከፍዬ እደግም ነበር። የማክሰኞው ድርሻ ላይ 54ኛው መዝሙር ይገኛል፤ ጠላት ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር፣ አንተ ግን ባልንጀራዬ፣ የልቤ ወዳጅ ነህ የሚለው ነው። ይህን መዝሙር ለወራት ባሌን እያሰብኩ፣ እንባዬን እያፈሰስኩ ስደግመው ኖሬያለሁ። አንድ ማክሰኞ ግን ባለቤቴ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን በእጁ ይዞ ሳየው፣ ይህን ቃል እርሱ ስለ እኔ ቢያነበው የማይስማማ አንድም ቃል እንደሌለበት አስተዋልኩ። መጽሐፉን አጠፍኩት። ቅዳሜ በሚደገመው በ140ኛው መዝሙር ውስጥ ደግሞ «ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚል ልመና አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ንግግር ከመጀመሬ በፊት እርሱን በልቤ እለው ጀመር። ሁልጊዜ አልሠራልኝም። አንዳንዴ ልመናውን ጨርሼ ወዲያው የምሳደብባቸው ቀኖች ነበሩ።

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ማታ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛውን አውቀዋለሁ፣ የቡና ሰብሳቢ ነው። ባለቤቴ ከፍቶ አነጋገራቸው፤ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲመጣ ልጆቹ ወደ እኔ ተጠጉ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደግሞ ምን አመጣህብን» ማለቴ አይቀርም ነበር። ያን ዕለት ግን ምንም ሳልል ውኃ ሰጠሁት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ራሱ ጀመረ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ነገረኝ። አጋሮ የሚያድረው አበዳሪዎቹ ጅማ ቤቱ ድረስ እንዳይመጡ ሸሽቶ ኖሯል። ሌላም ነገር ነበረ፤ እርሱን አልጽፈውም፣ የሁለታችን ነው።

በማግስቱ የልጄን የሒሳብ ደብተር አውጥተን በአንደኛው ገጽ ላይ የምንከፍላቸውን ሰዎች፣ በሌላው ገጽ ላይ ያለንን ጻፍን። ከባንኩ ብድር ውጭ ለ11 ሰዎች 640 ሺህ ብር ነበረብን። ቁጥሩን ሳየው ያለቀስኩት ሲደብቀኝ ከነበረው ይልቅ ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት መኖሩ አሳዝኖኝ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ያለቀስኩት ስለ ቤቱ ነው። ለእርሱ ማዘን የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ፋሲካን በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን ቤታችን ውስጥ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየን አከበርን። አንድ ዶሮ ነበር የታረደው። ሌሊቱን አራታችንም ነቅተን ስንጠብቅ ልጄ «ዘንድሮ አባዬም ቤተ ክርስቲያን ሄደ» አለች።

እዚህ ላይ ላቆም የምፈልገው ነገር አለ። ባለቤቴ ይሰክራል፣ ይደብቀኝ ነበር፤ እጁን ግን አንሥቶብኝ አያውቅም። ስለዚህ የእኔን ታሪክ ለምትደበደብ ሴት «አንቺም እንዲህ አድርጊ» ብላችሁ አትስጧት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፊቷ አብጦ ስትመጣ «ጸሎት ያዢ፣ ቻይው» የሚሏት ብዙዎች ነበሩ፤ ከእኔ ጋር የንስሐ አባቴ ዘንድ ስትሄድ ግን እርሳቸው መጀመሪያ የጠየቋት ዛሬ ማታ የምታድርበት ቦታ እንዳላት ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ስለ መፋታት የተናገረውን ሁሉም ሰው ይጠቅሰዋል፤ በዚያው በምዕራፍ 2 ቁጥር 16 ላይ ልብሱን በግፍ ስለሚከድን ሰው የተነገረውን ግን ሲጠቅሱት ብዙም አልሰማም። የአገሩም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል ያደርገዋል። መጀመሪያ ነፍስን ማትረፍ ይገባል፤ ፖሊስም፣ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚከታተለው መሥሪያ ቤትም፣ ዘመድም ለዚሁ ነው። ጸሎቱ የሚጸለየው በር የሚዘጋበት ቦታ ከተገኘ በኋላም ይደርሳል።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ባለቤቴ ከወንድሙ ጋር በጋራ የነበረውን የአይሱዙ ድርሻ ሸጠ፤ ሁሉንም አልሸፈነም። አበዳሪዎቻችንን አንድ በአንድ አብረን ሄደን አነጋገርናቸው፤ አብሬው መሄዴ ራሱ ብዙዎቹን አለሰለሳቸው፤ ሁለቱ ግን ሰድበውናል። አዴ ከዕቁባቸው ያወጡትን ገንዘብ ያለ ወረቀት አበደሩን፤ የመጀመሪያው የተመለሰላቸውም እርሳቸው ናቸው። የባሰው ዓመት የእኔ ደመወዝ ለአስቤዛ፣ የእርሱ ኮሚሽን ለዕዳ ሆኖ አለፈ። የተበዳሪው ጓደኛው እስከ ዛሬ አልከፈለም፤ በመንገድ ላይ ስናገኘው ሰላምታ እንሰጠዋለን፤ ከዚያ በላይ ገና አልቻልኩም፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ በየጊዜው እናዘዘዋለሁ።

መጠጡ በአንድ ቀን አልቆመም። ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል፤ በሁለተኛው ጊዜ ልጆቹን ይዤ እናቴ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጫለሁ። ይህን የማነሣው ታሪኩ ከዚያች የሕማማት ሌሊት በኋላ ቀጥ ብሎ የሄደ እንዳይመስላችሁ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ የት እንዳለሁና ለምን እንደሄድኩ ነግሬው መሄዴ ነበር፤ ማታ ማታም በስልክ «አባታችን ሆይ»ን አንተውም ነበር፤ አንዳንድ ማታ ከእርሷ ሌላ አንድ ቃል ሳንነጋገር ስልኩን እንዘጋለን።

የንስሐ አባት የሌላችሁ ብትኖሩ ያዙ፤ ስትመርጡ ግን የምትፈልጉትን የሚነግራችሁን ሳይሆን የማትፈልጉትን ለመናገር የማይፈራችሁን አባት ፈልጉ፤ የሚቻል ከሆነም ለሁለታችሁ አንድ አባት ይሁን፤ የአንዱን ቤት ታሪክ ከሁለት አፍ መስማት ይችላሉና። እኛን የጠቀመን ይህ ነው። ካህንም ሰው ነውና ስለ ገንዘብም ሆነ ስለ ሕመም የማያውቀውን ነገር አውቆ እንዲነግራችሁ አትጠብቁ፤ የእኛ አባት ስለ ብድሩ ስንጠይቃቸው «ይህን የሕግ ሰው ጠይቁ» ነው ያሉን።

ሥጋ ወደሙን እስከ ዛሬ አልተቀበልንም። የንስሐ አባታችን ሁለታችንም ስንዘጋጅ አብረን እንድንቀበል ነው የነገሩን፤ እኔ ዝግጁ ነኝ ብዬ ካሰብኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ባለቤቴ ግን «ዕዳውን ሳልጨርስ፣ አፌም ሳይጠራ አልደፍርም» ይላል። ቅዳሴ ላይ ሌሎች ባልና ሚስት ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ሲቀርቡ ሳይ እንዴት እንደምጓጓ እግዚአብሔር ያውቃል። በፊት ብሆን ስለዚህ ነገር አኮርፈው ነበር። አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ «አባቴ፣ አንድ ነገር ይበሉት» ስላቸው «አትጎትቺው፤ እየመጣ ነው፤ አንቺ መንገዱ ላይ አትቁሚ» አሉኝ። ዕዳው አሁን ለአንድ ሰው ብቻ ይቀራል፤ ቡናው ደህና ከተሸጠ ለጥምቀት ያልቃል ብለን ተስፋ አድርገናል።

ዘንድሮ መስከረም ሊያልቅ ሲል ባለቤቴ ከአጋሮ ደወለ። ስለ መጋዘን ኪራይ፣ ስለ ልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ አወራን፤ ሊዘጋ ሲል «ስሚ፣ ጽጌ እየገባ ነው፤ እንጾማለን እንዴ?» አለኝ። «ስትመጣ እንነጋገርበት» አልኩት። ቅዳሜ ማታ መጣ። እራት በልተን፣ ልጆቹም ተኝተው፣ ስለ ጾሙ ተነጋገርን። እርሱ እስከ ኅዳር መንገድ ላይ እንደሚሆንና አቅሙ እንደማይፈቅድለት ነገረኝ፤ እኔም በክረምቱ ደሜ ዝቅ ብሎብኝ እንደነበር ነገርኩት። «አባታችን ሆይ» ብለን ተኛን። ዘንድሮ ጽጌን አልጾምነውም።